ጤናዬ ብቻዋን ስትመለስ

ዴልፍት፣ ኔዘርላንድ
መስከረም 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ጎሳዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም እትዬ ብዙወርቅም መስቀልን በጤናና በደስታ እንድትውሉ እመኛለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ብቻ አልለመድኩትም። ጠዋት ስነሣ መስኮቱ ውስጥ ውስጡን አልቦት አገኘዋለሁ።

የቀረን ስድስት ሳምንት ነው። ባህል ቢሮ ለሸክላ ሥራ ልምድ ልውውጥ ሁለት ወር ተኩል ትቆያላችሁ ሲለን ዘላለም መስሎኝ ነበር፤ አሁን ቀኑ እየሮጠብኝ ነው። ጥቅምት 26 ከዚህ ተነሥተን አዲስ አበባ ጓደኛዬ ጸሎት ዘንድ ጥቂት ቀን እናርፋለን፤ ከዚያ ማክሰኞ ኅዳር 1 በአውሮፕላን ጂንካ እንገባለን።

አብራኝ የመጣችውን ጤናዬን ገበያ ላይ ከሩቅ አይተዋት ይሆናል እንጂ በቅርብ አያውቋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህል ተራው ጀርባ ማሰሮና ድስት ዘርግታ የምትሸጠው ረጅሟ የአሪ ሴት ናት። ሸክላ ሠሪዎቹን ለመመዝገብ መንደራቸው ከወጣሁ ጀምሮ ይኸው ሰባት ዓመት ጓደኛዬ ናት። እዚህ የሸክላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በመብራት የሚሽከረከር መሥሪያ አቅርበውላት ነበር። አየችውና ሳቀች። ከዚያ ጭቃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷ ዙሪያውን ወደ ኋላ እየዞረች ሠራች። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ የማሰሮው አፍ ጠርዝ ላይ ማስመሪያ አድርጎ ለካና "በምን ለክታ ነው እንዲህ ክብ የሆነላት?" ብሎ ጠየቀኝ። ስተረጉምላት "ዓይን ለምን ተፈጠረ ይላል?" አለች። ይህንንም ተረጎምኩለት፤ ሰውዬው በሳቅ ሞተ።

የምናርፍበት ቤት ጠባብ ነው፤ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። እኔ ጎመን እቀቅላለሁ፣ እሷ ድንች ትጠብሳለች፣ ከአንድ ሰሐን እንበላለን። ጥቅምት 3 ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል። ያን ቀን ጤናዬ ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጋን ሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት በእሳት ትተኩሳለች። ከንቲባው ሳይቀር ይመጣል ተብሏል። ሐሳቧ ሁሉ እዚያ ቀን ላይ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ባሏ ዳርጌ ማንበብ አይችልም። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ሚስትህ ደህና ናት ይበሉልኝ፤ ትንሿ ልጃቸው ያሳላት ነበርና እንዴት ሆነች ብለው ይጠይቁልኝ። ጤናዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
መሰረት


ጂንካ
መስከረም 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለመሰረት፤

ቅዱስ ገብርኤል በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። ደብዳቤሽ ዓርብ ዕለት ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። ብዙወርቅ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። መስቀልን በዝናብ ውስጥ አሳለፍን። የካኮ መንገድ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር፤ አውሮፕላንም ሜዳው ጭቃ ሆኖ ሳያርፍ ተመልሷል። ላሞቹ ግን ሜዳው የእነሱ ሆኖላቸው ሣሩን ጠግበው ከረሙ።

ያዘዝሽኝን ፈጽሜአለሁ። ዳርጌን ቅዳሜ ገበያ ላይ አስጠርቼ ቆመን ተነጋገርን። ስለ ሚስቱ የጻፍሽውን አነበብኩለት፤ ማስመሪያው ጋ ስደርስ እንደገና አንብብልኝ ብሎ አስደገመኝ። ልጅቱ ድናለች፤ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ሽሮፕ ተሰጥቷታል። ይህን ለእናቷ ንገሪያት።

አሁን ወደ መምጣትሽ ልመለስ። ከቤታችን ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሰው የለምና ዝም ብለን አንቀበልሽም። የእድሩን ሽማግሎችና ከቢሮሽ ሰዎች ጨምሬ ወደ ሠላሳ ሰው ጠርቻለሁ። ሙክቱ ካሁኑ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። አውሮፕላኑ እንዳረፈ በቀጥታ ወደ ቤት ነው። ጤናዬም መንገደኛ ናትና ጾሟን አትሄድም፤ የድርሻዋ በረንዳ ላይ ለብቻዋ ይቀርብላታል። ይህንንም ብዙወርቅን ተከራክሬ ነው ያስፈቀድኩት፤ እወቂልኝ።

ደብዳቤሽን ለብዙወርቅ ሳነብላት ከአንድ ሰሐን ስለ መብላታችሁ የጻፍሽውን መሥመር ዘለልኩት። ምክንያቱ አይጠፋሽም። እንግዳ አገር ነው፣ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። እዚህ ስትመጪ ግን ለሰው ባታወሪው ደስ ይለኛል።

አስቸጋሪ ካልሆነብሽ የማንበቢያ መነጽርና አጭር ሞገድ የሚይዝ ራዲዮ ብታመጪልኝ።

ጎሳዬ


ዴልፍት
ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎሳዬ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እትዬ ብዙወርቅን ጉልበትዎን እንዴት ነዎት ይበሉልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ቀኑ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ መልሱን አዘገየሁ። ጽሑፌ ቢጣመምብዎ አይቀየሙኝ፣ ብርድ እጄ ላይ ገብቶ ነው።

የልጅቱን መዳን ስነግራት ጤናዬ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ "ጋሽ ጎሳዬ ራሱ ጠየቀልኝ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ኤግዚቢሽኑም አለፈ። ሰው ብዙ መጥቶ ነበር አሉ። ትልቁ ጋን ሲተኮስ ተሰነጠቀ፤ ቢሆንም ምንም አይደለም። አሁን ጓዝ እያሰናዳን ነው። ጤናዬ አፈር ካልያዝኩ ብላ አስቸግራኛለች። የእነሱ አፈር ነጭ ነው፣ ወደ ቤቴ ወስጄ ከኔ ጋር ቀላቅዬ አየዋለሁ ትላለች። ከመሄዳችን በፊት ባሕሩን ሊያሳዩን ቃል ገብተውልናል።

ጋሼ፣ ስለ ድግሱ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ለጤናዬ በረንዳ ላይ የሚቀርብ ከሆነ ለእኔም እዚያው ይቅረብልኝ። ይህን የምጽፈው በቁጣ አይደለም። ብዙ አስቤበት ነው።

ራዲዮውንም መነጽሩንም ጤናዬ ገዝታልዎታለች፤ እኔ ከቤት መውጣት ስላልተመቸኝ። ሱቁ ውስጥ መነጽሩን ራሷ ዓይን ላይ አድርጋ ነው የመረጠችው።

መሰረት


ጂንካ
ጥቅምት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመሰረት፤ አዲስ አበባ፣ በጸሎት አድራሻ

በሰላም አገርሽ ያስገባሽ። ይህን ወደ ዴልፍት ብልከው እንደማይደርስሽ ቆጥሬ በጸሎት በኩል ልኬዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ተቀየምኩ፤ በሦስተኛው ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ።

ቅያሜዬን ላስቀድም። እኔና አባትሽ የአጎትና የአክስት ልጆች ነን። እሱ ሲያርፍ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን "የሩቅ ዘመድ" የሚል ቃል በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም። ያሳደግኩሽ በእንግዶቼ ፊት በረንዳ ላይ እንድትቀመጪብኝ አይደለም። በረንዳውን አባቴ ነው የሠራው። ሸክላ ሠሪም ይሁን ቀጥቃጭ ወደ እኛ ጉዳይ ሲኖረው እዚያ ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ ማንም ተሰድቦ፣ ማንም ጾሙን አልተመለሰም። እኔ ያየሁት ይህንን ነው። አሁን በስድሳ ስምንት ዓመቴ የእድሩን ሽማግሎች ሰብስቤ፣ ዛሬ ሥርዓቱ ተለውጧል ልበላቸው? ተነሥተው ቢሄዱስ? ብዙወርቅ አንብብልኝ እያለች ትጠይቀኛለች፤ ደብዳቤው ገና አልደረሰም ብዬ ዋሽቻታለሁ።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። የአንቺን የእጅ ጽሑፍ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብርድ እንዲህ አያደርገውም። ስለ ኤግዚቢሽኑ ስትጽፊ ከርመሽ፣ ቀኑ ሲደርስ "ሰው ብዙ መጥቶ ነበር አሉ" ብለሽ አለፍሽው። ማን ናቸው ያሉት? አንቺ የት ነበርሽ? የጤናዬስ ጋን እንዴት ተሰነጠቀ? በዓይኗ የምትለካ ሴት ናት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከቤት መውጣትስ ለምን ሳይመችሽ ቀረ?

ራዲዮውም መነጽሩም ይቅርብኝ። እውነቱን ጻፊልኝ።

ድግሱ በታሰበበት ቀን ነው።

ጎሳዬ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎሳዬ፤ በጤናዬ እጅ

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በደህና ገብተናል። ደብዳቤዎን ጸሎት ሰጥታኝ አነበብኩ። ለጠየቁኝ ሁሉ እመልሳለሁ፤ እንዲህ እየቸኮልኩ ግን አይሆንም። ሪፖርት ጨርሼ እስካስረክብ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየት ግድ ሆኖብኛል። ስለዚህ ነገ ጤናዬ ብቻዋን ትመጣለች። ድግሱን ያበላሸሁብዎ እኔ ነኝ፤ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።

የዴልፍት የመጨረሻ ቀኖቻችን እንዲህ ነበሩ። ረቡዕ ዕለት ሽማግሌው አስተማሪ በመኪናው ባሕሩ ዳር ወሰደን። ነፋሱ ሊጥለን ደረሰ። ጤናዬ ውሃውን በእፍኟ ቀዳችና ቀመሰችው። "ይህ ሁሉ ጨው? ማን ጨመረበት?" አለች። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን ታስቢያለሽ ስላት "ለዳርጌ ስነግረው አያምነኝም፤ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው እያሰብኩ ነው" አለችኝ። እኔ ራሴን ትከሻዋ ላይ አስደግፌ ተኛሁ። ስነቃ ነጠላዋን አልብሳኝ እሷ በብርድ ትንቀጠቀጣለች።

በመጨረሻው ቀን፣ በተሰነጠቀው ምትክ የሠራችውን መካከለኛ እንስራ ለትምህርት ቤቱ ትታ ወጣች። አስተማሪው ሁለት እጇን ይዞ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። "ይጠቀሙበት እንጂ እንዳይሰቅሉት በይው" አለችኝ።

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ከእጇ ይቀበሉልኝ። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

መሰረት


ጂንካ
ኅዳር 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሰረት፤

እግዚአብሔር ቁስልሽን ያድርቅልሽ።

የደበቅሽኝን ሁሉ አውቄአለሁ። በጤናዬ አትፍረጂ፤ አስጨንቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ሲዘንብ ውሎ አውሮፕላኑ ቀረ። ዳርጌ ሜዳው ዳር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሙክቱም አንድ ቀን ዕድሜ ተጨመረለት፤ ረቡዕም ዝናብ ነበር፣ ጾምም ስለሆነ ሌላ አንድ ቀን። ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ። ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ ላሞቹን ከሜዳው ሲያባርር ስሰማ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ወጡ ደርሷል፣ እንግዶቹም መምጣት ጀምረዋል።

ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ወረዱ። በመጨረሻ ጤናዬ ወረደች፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ በሁለት እጇ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች። አንቺን ስጠብቅ በሩ ተዘጋ። እሷ አጠገቤ መጥታ ደብዳቤውን ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

"ሪፖርት ነው?" አልኳት።

መሬት መሬት እያየች "ሪፖርት ነው በይ ብላኛለች" አለችኝ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ጋሼ፣ አሁን ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ይስሙ። ደህና ናት።" ከዚያ ነገረችኝ። "ጠዋት ነው፣ ሆዴን አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ የእነሱ ቋንቋ የለኝም። ጎረቤት አንዲት ሴትዮ አለች፣ ውሻ ያላት። በሯን መታሁ፣ እጇን ይዤ ጎተትኳት። መጀመሪያ ፈራችኝ። መሲን ስታያት ሮጣ ደወለች። ትርፍ አንጀት ነው አሉ፣ ቀደዷት። አሁን የአዲስ አበባው ሐኪም ቁስሉ ሳይደርቅ አትሄጂም ብሎ ያዛት።"

"መቼ ነው ይህ?"

"ጋኑ በሚተኮስበት ቀን።"

ከንቲባው የሚመጣበት ቀን አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "ሰው ልከው ጠሩኝ። እሷ ተኝታ እኔ ሸክላ ልተኩስ? አልሄድም አልኩ። ራሳቸው ተኮሱት። እሳቱን ቶሎ አበዙበት" አለች። ይህን ስትል ብቻ ፊቷ ላይ ትንሽ ቅር መሰኘት አየሁ።

መሰረት፣ ከዚያ ምን እንደጠየቅኋት ልንገርሽ፤ እያፈርኩ ነው የምጽፈው። "ማን ይመግባት ነበር?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ነኛ። በማንኪያ። ሌላ ማን አለ? አጠብኳት፣ አበላኋት። አንድ ሳምንት ሙሉ እጇን ማንሣት አትችልም ነበር" አለችኝ።

ላሞቹ ወደ ሜዳው መመለስ ጀምረው ነበር። እዚያ ቆሜ የሰባት ዓመቷን አንቺን አሰብኩ። አባትሽ ያረፈ ሰሞን ምግብ አልበላም ብለሽ በእጄ እያጎረስኩ እንዳባበልኩሽ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ አንቺን በእጁ ያጎረሰ ሰው እሷ ናት።

"ነዪ፣ ቤት እንግባ። ውስጥ ነው የምትቀመጪው፣ ከእኔ ጎን" አልኳት። የእድሩን ሰዎች ፊት እያሰብኩ ነበር፤ ግን ቆርጬ ነበር። እንዲህ ስላት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ልጆቼ ይጠብቁኛል" አለች።

"ጥቂት ቀምሰሽ ትሄጃለሽ።"

"ዛሬ የሚጠሩኝ ስለ መሲ ብለው ነው። ሌላ ቀን ስለ እኔ ይጥሩኝ" አለችኝና ሻንጣዋን አነሣች። ቁጣ የለባትም። የገበያ ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

ሻንጣው ከባድ ነው። ያ አፈር መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። አሥር እርምጃ ሄዳ ስታርፍ አየሁ። ሠላሳ ሰው ቤቴ ተቀምጧል። አንድ የማውቀው ነጋዴ ሲያልፍ ጠራሁትና "ለብዙወርቅ ንገርልኝ፤ እንግዶቹን ታብላ፣ እኔን አትጠብቀኝ" አልኩት። ከዚያ የሻንጣውን አንድ ጎን ያዝኩ። ጤናዬ ሌላውን ጎን ያዘች።

መንደሯ እንደምታውቂው ዳገት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ እኔ ባልኖር በአንድ ሰዓት ትደርስ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀብኝ፤ ሁለተኛውን እሷ ናት ከጭቃው ያወጣችልኝ። መንገድ ላይ ስለ ባሕሩ ነገረችኝ። ጨው ነው ስትለኝ አውቃለሁ አልኳት፤ በመጽሐፍ አውቄው ነው እንጂ አልቀመስኩም።

ልጆቿ ከሩቅ አይተዋት እየጮኹ ወረዱ። ዳርጌ እኔን ከኋላዋ ሲያይ ክፉ ወሬ ይዤ የመጣሁ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። "ደህና ናት፣ ደህና ነን" አለችው። በርጩማ አቀረበልኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እሷ ገና ሹራቧን ሳታወልቅ ጓዳ ገባች፤ ትኩስ ቆጮና ጎመን በድስቷ ይዛ ወጣች። የቡና ቅጠል በቅመም ፈልቶ በሸክላ ጽዋ ቀረበልኝ። ጽዋው የእጇ ሥራ ነው።

 ሁሉም ወደ እኔ እንደማያይ ሆኖ ያየኛል። ሆዴን አሞኛል ልበል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ አልለመነችኝም፣ ይብሉ እንኳ አላለችኝም። ቁጭ ብላ ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ትዳስሳለች።

እጄን ታጠብኩና በላሁ።

መጀመሪያ ጉርሻዬን አሳንሼ እየቆነጠርኩ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አለመቅመሴ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ራብተኛ ሰው ሆንኩ። ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር። ዳርጌ "ባሕሩን ከዚያ ያመጣሽው ነው?" ሲላት ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዳርጌ የሚስቱን ታሪክ ገና እንዳልጠገበ አይቼ ተሰነባብቼ ወጣሁ። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ እንግዶቹ ሄደዋል። ብዙወርቅ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"ምን በላህ?" አለችኝ።

"ቆጮ።"

"የት?"

"ጤናዬ ቤት።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሆድሽን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ማንኪያውን።  ስጨርስ "እግርህ ጭቃ ነው" አለችና ውሃ ልታመጣ ገባች። ውስጥ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት፤ ስለ አንቺ ይሁን ስለ ሌላው አልጠየቅኋትም።

ከእድሩ ሰዎች አንዱ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ሌላው ደግሞ ቆሞ ስለ ጤንነትሽ ጠየቀኝ። ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አንድ ቀን በቅቶታል።

ከእንግዲህ ታመሽ ሪፖርት ነው ብትይኝ አልቀበልሽም። ሐኪሙ ሳያሰናብትሽ እንዳትነሺ፤ ጸሎትንም ጠበቅ አድርጋ እንድትይዝሽ ጽፌላታለሁ።

ከመንደሯ ስወጣ ጤናዬን የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ከነዳርጌ ምሳ ቤቴ እንድትበላ ጠርቻታለሁ። አንቺ በዚያ ቀን አትደርሺም፤ ሆን ብዬ ነው። አስብበታለሁ አለችኝ። ብዙወርቅ እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም፤ ዛሬ ጠዋት ግን "ያቺ ሴትዮ ጨው ታበዛለች አልክ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጎሳዬ